የግራ ጌታ ሳል

ሰው የሚናገረው በአንደበቱ ነው የሚል ካለ፣ ወደ ደብራችን ብቅ ይበልና አንድ ማኅሌት ቆሞ ይመልከት። በእኛ ዘንድ አንደበት የተመደበው ለእግዚአብሔር ነው፤ ለሰው የተረፈው ቅንድብ፣ ትከሻ፣ ጉሮሮና የመቋሚያ ጫፍ ነው። አለቃችን ቅንድባቸውን አንድ ጊዜ ካነሡ «አፍጥኑ» ማለታቸው ነው። ሁለት ጊዜ ካነሡ «ማን ነው ያበላሸው?» ማለታቸው ነው። ጨርሰው ካላነሡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

እኔ በዚህ ደብር ቀኝ ጌታ ነኝ። ደብሩ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ነው፤ ከተማዋን ልጆቻችን እንጅባራ ይሏታል፣ እኔ ግን የለመድሁትን ስም ለመተው ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ቀኝ ጌታ ማለት በማኅሌት ጊዜ በስተ ቀኝ የቆመውን ወገን የሚመራ ነው፤ በስተ ግራ የቆመውን የሚመራ ግራ ጌታ ይባላል። ግራ ጌታችን ፈንታ ነው። እኔና ፈንታ ከአንድ የኔታ ዘንድ ተምረናል፤ በአንድ አኩፋዳ ለምነናል፣ በአንድ ውሻም ተነክሰናል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ፊት ለፊት ቆመናል። ተራዬ መድረሱን የማውቀው በእርሱ ቅንድብ ነው፤ እርሱም የራሱን የሚያውቀው በእኔ ነው። ከባለቤቴ ከየሺ ፊት ይልቅ የፈንታን ፊት አይቻለሁ፤ ይህን በድፍረት የምጽፈው የየሺ መነጽር ስለ ተሰበረ ነው።

እንግዲህ አንድ የቤተ ክህነት ሥርዓት ልንገራችሁ፤ የመከራዬ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና። ሊቅ በጉባኤ መካከል ሲሳሳት «ሳትህ» አይባልም፤ ነውር ነው። ከፊቱ የቆመው ባልንጀራው ጉሮሮውን ጠረግ ያደርጋል፣ መቋሚያውንም መሬት ላይ ቀስ አድርጎ ይመታል። የተሳሳተው ይሰማል፣ ያርማል፣ ሕዝቡ ሳያውቅ ነገሩ ያልፋል። ሥርዓቱ ያማረ ነው፤ ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው። ደረቱን የሚያመው ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

በካቻምናው የደብራችን ክብረ በዓል ቅኔ የማቅረብ ተራው የእኔ ነበር። ሁለት ወር የደከምሁበትን መወድስ ይዤ ቆምሁ። ከሩቅ ደብር የመጡ ሊቃውንት በእንግድነት ተገኝተው ነበርና ድምፄን ከወትሮው ከፍ፣ አንገቴንም ከወትሮው ቀና አድርጌ ነበር። አምስተኛው ቤት፣ ማለት አምስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ፈንታ ሳለ። ሁለት ጊዜ ሳለ። መቋሚያውንም መሬት ላይ መታ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጢሙን ዳበሰ። ጢም መዳበስ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቀሩትን ቤቶች እንዴት እንደ ጨረስኋቸው እኔ አላውቅም፤ የሰሙት ይመስክሩ።

ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን ሙሉ ቅኔዬን መረመርሁ። በመጀመሪያው ቀን ስሕተት አላገኘሁም። በሁለተኛውም አላገኘሁም። በሦስተኛው ቀን አገኘሁ፤ ስሕተት ለፈለገው ሰው ጠፍቶ አያውቅም። በአምስተኛው ቤት አንዲት ቃል ከዜማው ልክ የጤፍ ፍሬ ታህል ትረዝማለች። የኔታ ከመቃብር ቢነሡ እንኳ የማይሰሟት ናት። «ፈንታ ሰማት!» አልሁ። በጆሮው ተደነቅሁ፣ በክፋቱ ተቃጠልሁ። ይህን ያህል የረቀቀ ስሕተት ያገኘ ባልንጀራ በማግስቱ ለብቻዬ ሊነግረኝ ሲችል፣ በእንግዳ ፊት ማዋረዱ ምን ይባላል?

«ምን ሆነዋል?» አለችኝ የሺ፣ ምሳዬን ገፍቼ ብነሣባት።

«ፈንታ ሳለብኝ።»

«ፊትዎ ላይ?»

«ቅኔዬ ላይ!»

የሺ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አየችኝ። «ሰው ሲስል ውኃ ይሰጡታል እንጂ ይቀየሙታል እንዴ?»

«አንቺ የቤተ ክህነትን ሳል አታውቂም።»

«ሳልም ክህነት ይቀበላል?» አለችና የገፋሁትን ምሳ አንሥታ ሄደች።

እኔም ቂሜን በቃል ሳይሆን በምልክት ገለጥሁ፤ የተማርሁት ምልክት ነውና። ሰላም ስንባባል ሦስት ጊዜ የምንገናኝበትን ትከሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጌ አለፍሁ። በማኅሌት ተራው ሲደርስ ቅንድቤን ነፈግሁት፤ የግራው ወገን ዘግይቶ ገባ፣ አለቃችንም ቅንድባቸውን ሁለት ጊዜ አነሡ። ስንወጣ ፈንታ ተከትሎኝ መጣና «ወንድሜ፣ ታመምህ እንዴ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁት። ይህ ቃል በአገራችን በር ለመክፈትም ለመዝጋትም ያገለግላል፤ እኔ ዘጋሁበት። እርሱም ቆም አለ፣ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ሳለ፣ ሄደ። «አሁንስ በሰላምታዬም ላይ ይስልብኝ ጀመር!» አልሁ።

ዓመቱ እንዲህ ሲያልፍ፣ አንድ ቀን ከዳንግላ መልእክት መጣ። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ባሕር ዛፍ ተጣልተው «የሚያስታርቁን እኒያ ሁለቱ ሊቃውንት ይሁኑ» ብለዋል። እኒያ ሁለቱ የተባልነው እኔና ፈንታ ነን። የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች፣ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎችን ሊያነጋግሩ ተነሡ። ከቆሰበር በሚኒባስ ሄድን፤ እርሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዳንግላ ስንደርስ ግን ወደ ወንድማማቾቹ መንደር የሚወስደው ጋሪ ነው፤ ጋሪ ደግሞ የተጣላ ሰው መኖሩን ከግምት አስገብቶ አልተሠራም። ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን።

«ለዚያ ሰውዬ ጋቢውን ሰብሰብ ያድርግ በልልኝ» አልሁት ባለጋሪውን።

ባለጋሪው ጺሙ የሸበተ፣ ነገር የገባው ሰው ነው። ዞሮ አየን። በእኔና በፈንታ መካከል ስንዝር አይገኝም። «አባቴ፣ ጋቢዎን ይሰብስቡ ብለዋል» አለው።

ፈንታም «ጋቢው የራሱ ነው፤ ተቀምጦበት ነው የማይሰበሰበው በለው» አለ።

«የራስዎ ነው ብለዋል፣ አባቴ። ተቀምጠውበት ነው አሉ።»

ብድግ ብዬ ብመለከት የራሴ ነው። «ቢሆንም እንዲህ ባለ ድምፅ አይነገርም በለው!»

«እኔ ድምፁን ማድረስ አልችልም» አለ ባለጋሪው፣ ልጓሙን እየሳበ። «ቃሉን ብቻ ነው የምጭነው። ለመሆኑ እናንተ አባቶች ወዴት ናችሁ?»

«ልናስታርቅ» አልን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ። በዓመቱ ውስጥ አንድ ላይ የተናገርነው ቃል ያች ብቻ ናት።

ባለጋሪው ፈረሱን አቆመና እስኪያነባ ሳቀ። «ምነው አምላኬ» አለ፣ «የእናንተን አስታራቂ አንድ ቀን ብታሳፍረኝ፣ ዝናብ ሆነ ጭቃ ሳልል እጋልብለት ነበር!»

ከወንድማማቾቹ ዘንድ ግን እግዚአብሔር አንደበቴን ባረከው። በአገራችን ሥርዓት በዳይ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን በእጁ ሲያወርድለት ቂም ያበቃል። ታናሽየው ድንጋዩን ተሸክሞ በታላቁ ፊት ተንበረከከ፤ ታላቁ ፊቱን አዞረ። እኔም ተነሥቼ «ልጄ፣ የወንድምህ ፊት ሲጠቁር 'ምን ሆንህ?' ብለህ ጠይቀው እንጂ ፊቱን አትተርጉመው! ፊት መጽሐፍ አይደለም!» አልሁት። ሕዝቡ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ። ሴቶች አለቀሱ። ታላቅየው ድንጋዩን አወረደ፣ ተቃቀፉ። እኔ የራሴ ንግግር ራሴን ነክቶኝ ዓይኔን ስጠርግ፣ ከጎኔ ፈንታ አተኩሮ ያየኛል። ከዚያም ሳለ። «በስብከቴም ይሳለቃል!» አልሁና እንባዬን መለስሁ።

ስንመለስ አዲስ ቅዳም ላይ «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ። በዚያ በኩል ትንሽ ቁራጭ መሬት አለችው፤ ዲከረንስ የምንለውን ዛፍ ተክሎባታል፤ እርሱን እያከሰለ ነው ልጆቹን ያሳደገው። እኔ ግን ከሰሉን መች አሰብሁ? «ከእኔ ጋር ላለመቀመጥ ወረደ» ብዬ ቀሪውን መንገድ በቁጣ ጨረስሁ።

ዘንድሮ የፍልሰታ ጾም ሲገባ አንድ መንፈሳዊ ነገር አሰብሁ። አርምሞ ልይዝ። ሁለቱን ሱባኤ ሙሉ ከጸሎት በቀር ቃል ከአፌ ላይወጣ ተሳልሁ። ዋዜማውን ለየሺ ስነግራት፣ «ዝም የሚሉት ከእግዚአብሔር ጋር ለመነጋገር ነው» አለችኝ፣ «ወይስ ከግራ ጌታ ፈንታ ጋር ላለመነጋገር?» መልስ ነበረኝ፤ ነገር ግን አርምሞዬን በዚያች ደቂቃ ጀመርሁት።

ዝምታ ቀላል መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በጾም መፍቻ ሽምብራ ፈልጌ ጣቶቼን ገጥሜ አሳየኋት፤ መርፌ አመጣችልኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ክር ጨመረችበት። መንጋጋዬን አንቀሳቀስሁ፤ «ጥርስዎን አመመዎት?» ብላ ነጭ ሽንኩርት አስነከሰችኝ። ሠላሳ ዓመት በምልክት ተናግሬ የኖርሁ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ሽምብራ ለመጠየቅ ሳልችል ነጭ ሽንኩርት እያኘክሁ አደርሁ።

በአራተኛው ቀን ወደ ደብር ስወጣ አንዱ ባጃጅ በኩሬ ውስጥ በረረና ነጩን ጋቢዬን እስከ አንገቴ በጭቃ አለበሰኝ። ያን ጊዜ የወጣኝን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ ጮክ ብሎ የወጣ፣ ረጅም፣ ግን በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የሌለበት ነበር። የንስሐ አባቴ ስግደት ጨመሩብኝና አርምሞዬን እንደገና ጀመርሁ። በሰባተኛው ቀን ዲያቆኑ ውዳሴውን ሲያነብ ተነሽ የሆነውን፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ የሚነበበውን ቃል ዝቅ አድርጎ ጣለው። ጉሮሮዬን ብጠርግ በበቃ ነበር፤ ሥርዓቱም እርሱ ነው። እኔ ግን «ተነሽ ነው! አትጣለው!» ብዬ በሕዝቡ ፊት ጮኽሁ። ዲያቆኑ እንደ ገብስ ቆሎ ቀላ። ሌላ ስግደት፣ ሌላ መጀመሪያ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ካፊያ እየጣለ፣ ከደብሩ ዛፍ ሥር መዝሙረ ዳዊት ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ፈንታ በቅጽሩ በር ገባ። በአንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል።

መጣ፣ በፊቴ ቆመ። ትንፋሹ እስኪመለስ ብዙ ቆየ።

«እንደምን ከረምህ?» አለኝ።

እጄን ወደ አፌ አነሣሁ።

«ሰምቻለሁ፣ አርምሞ ይዘሃል። ደግ አደረግህ፤ ዝም ብለህ ስማኝ። ምን እንደ በደልሁህ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ አሰብሁ፤ አጣሁት። የበደሉን ልክ ስላላወቅሁ መካከለኛ ድንጋይ አነሣሁ። ቢያንስብህ በጣትህ አሳየኝ፣ የሚበልጠውን አመጣለሁ።»

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ሳለ። ድንጋዩ በአንገቱ ላይ ተነቃነቀ።

«ቃል አልጠይቅህም» አለ። «በእጅህ ብቻ አውርድልኝ።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ዋሽቼ ብጽፍ ማንም አይከሰኝም ነበር። እውነቱ ግን ይህ ነው። እጄ ባዶ እንዳይሆን መጽሐፌን በሁለት እጄ ያዝሁና ማንበብ ጀመርሁ። መጽሐፉ ተገልብጦ እንደ ነበር ያየሁት ኋላ ነው። ፈንታ አንድ መዝሙር ተነብቦ እስኪያልቅ ያህል ቆመ። ከዚያ ጎንበስ አለና ድንጋዩን ራሱ ከአንገቱ አወረደ፤ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠው፤ ቅጽሩን ተሳልሞ ወጣ። የተሸከመውን ድንጋይ ራሱ ማውረድ፤ በአገራችን ከዚህ የከፋ መልስ የለም። ለባጃጅ የፈታሁትን፣ ለዲያቆን የፈታሁትን አንደበት ለፈንታ ቆለፍሁት። እጄንስ? የእጅ አርምሞ በየትኛው መጽሐፍ እንደ ተጻፈ እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁም።

የሺ የሆነውን ከሰው ሰማች። ሲከፋት በአውኝኛ መቆጣት ልማዷ ነው፣ ሲብስባት በአማርኛ ትጨምርበታለች። በዚያ ቀን በአንዱም አልተናገረችኝም። ሁለት ቋንቋ የምታውቅ ሴት ዝም ስትል ዝምታው እጥፍ ነው።

ጾሙ ተፈታ። በበዓሉ ማኅሌት ቆምሁ፤ ከፊት ለፊቴ የፈንታ ቦታ ባዶ ነው። «አኮረፈ» አልሁ በልቤ። ተራዬ ሲደርስ ግን ማን ይንገረኝ? ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ ግድግዳ ቅንድብ የለውም። ዘግይቼ ገባሁ። የሳለብኝ ሰው ግን አልነበረም።

ከማኅሌቱ ስወጣ የፈንታን ልጅ ዘውዲቱን ከበሩ አጠገብ አገኘኋት። በዳንግላ ባለትዳር ናት።

«የኔታ፣ አባቴ ይህን መቋሚያውን አደራ ብሎኝ ነው። ለሚተካው ስጡት ብሏል።»

«ለሚተካው? የት ሊሄድ?»

«አልሰሙም? እኔ ቤት ነው ያለው፣ ከሐኪም ቤት አውጥተነው። ሳንባው ነው፤ የከሰሉ ጢስ ነው አሉ። መዘመር ቀርቶ መናገርም ተከልክሏል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና ከክብረ በዓሉ በፊት ጀምሮ። እንዳይታወቅበት ነበር የሚጨነቀው። 'የሚስል ግራ ጌታ ከቦታው ይወርዳል፣ ከወንድሜ ፊት ለፊት መቆሜ ይቀርብኛል' ይል ነበር። ሲይዘው ሳሉ እንዳይሰማ መቋሚያውን መሬት ይመታበት ነበር።»

መቋሚያውን ተቀበልኋት። ጫፉ ተበልቷል።

በማግስቱ ከበሩ አጠገብ ያለውን ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ወረድሁ። መካከለኛ ነው ብሎኝ ነበር፤ ዋሽቶኛል። ይህን በዚያ ደረት አቀበቱን እንዴት እንዳወጣው እያሰብሁ እስከ መናኸሪያ ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ። የሚኒባሱ ረዳት «አባ፣ ጭነቱ ከላይ ይሁንልዎ?» አለኝ። «የኔ ጭነት እዚሁ ነው» አልሁት። ዳንግላ ስወርድ ያው ባለጋሪ ነው የገጠመኝ። እኔንም ድንጋዩንም አየና አልሳቀም።

«እኒያስ አባት?» አለኝ።

«ወደ እርሱ ነው የምሄደው።»

«መልእክት ካለ እኔ…»

«ዛሬስ ራሴ አደርሰዋለሁ።»

ፈረሱን አጋለበው።

ፈንታ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የማውቀው ፊት ግማሹ የለም፤ ቅንድቡ ብቻ እንዳለ ነው። ከአልጋው ሥር ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርሁት፦ ቅኔውን፣ አምስተኛውን ቤት፣ የጤፍ ፍሬ የምታህለውን ቃል፣ ትከሻውን፣ ጋቢውን፣ የተገለበጠውን መጽሐፍ። ስጨርስ «በእጅህ አውርድልኝ» አልሁት።

አንድ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ። ወደ አንገቴ ዘረጋው፣ ድንጋዩን ያዘ። ሊያነሣው ታገለ፤ ድንጋዩ አልተነሣም። እጁ በድንጋዩ ላይ ዐረፈ፤ ክብደቱ የእጁን ያህል ጨመረብኝ። ዘውዲቱ ልታግዘው ብትጠጋ በዓይኑ ከለከላት። እኔ ራሴ ላወርደው አልደፈርሁም፤ ራስ የማውረድን ትርጉም አስተምሬዋለሁና።

ከዚያም ሳለ። ረጅም ሳል ነበር።

ቀና ብዬ አየሁት። ይቅር አለኝ ማለት ይሆን? ወይስ አላለኝም? መተርጎም ለምዶብኝ ልተረጉመው ነበር። ተውሁት። በአንድ እጄ ድንጋዩን ከነእጁ ደግፌ፣ በሌላው ከአልጋው ራስጌ የነበረውን ኩባያ አንሥቼ ውኃ አጠጣሁት።